የስምንት ሰዓት እንቅልፍ

ማሽኑ ለስድስተኛ ጊዜ ጠፋና ሾፌሩ ዓይኑን ገለጠ።

እንቅልፍ የሚነሳው ጩኸቱ አልነበረም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሞተር አጠገብ ተቀምጦ ለኖረ ሰው ጩኸት ብርቁ አይደለም። እንቅልፍ የሚነሳው ዝምታው ነው። ክፍሉ ቀዝቅዟል ብሎ ባሰበ ቁጥር ማሽኑ «ቀጭ» ይልና ያቆማል፤ ሾፌሩ ደግሞ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ አሁን ይነሳል፣ አሁን ይነሳል እያለ ይጠብቀዋል። ሲነሳ የሾፌሩም ልብ አብሮ ይነሳል። አንሶላውን ገፈፈ፤ መልሶ ለበሰ፤ ትራሱን ገለበጠ። ሰዓት ላለማየት ምሎ ነበር፤ አየ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ። አልጋ ላይ ከወጣ ሁለት ሰዓት ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ እንቅልፍ ግን በዓይኑ አልዞረም።

ማሽኑ ቁመቱ እስከ ወገብ የሚደርስ፣ ከሥሩ አራት ጎማ ያለው ኤሲ ነው። ሚስቱ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ትናንት በጋሪ አስጭና አመጣችው። ባለቤቱ ለመድኃኒቱ ክፍል አዲስ ስላስገጠመ «ሙቀቱ እስኪያልፍ ውሰጂው» ብሏታል። ከጀርባው የሰው ጭን የሚያህል ቱቦ ወጥቶ በመኝታ ቤቱ መስኮት በኩል ከጎረቤት ጋር ወደሚጋሩት በረንዳ ይሄዳል፤ የተረፈውን የመስኮት ክፍተት ሚስቱ በመድኃኒት ካርቶንና በፕላስተር ደፍናዋለች።

«ሙቀቱን ከዚህ ይጠጣና በቱቦው ውጭ ይተፋዋል» ስትል አስረዳችው ጠዋት ጫማዋን እያሰረች። «ቱቦው ከታፈነ ግን ምንም ዋጋ የለውም። እሱን ለኔ ተወው፤ አንተ ብቻ ተኛ።»

አንተ ብቻ ተኛ። ቀላል ነገር ነው፤ ጡት የሚጠባ ሕፃን እንኳ ያውቅበታል።

ሙቀቱ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ሌሊት ለሚነዳ ሰው ቀኑ ነው ሌሊቱ፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ቀኑ ገና ሳይጋመስ ግድግዳው ራሱ መተንፈስ ይጀምራል። ከዚህ በፊት በነበሩት ቀናት ሁለት ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ አንዳንዴም ለዓመል ያህል ሸለብ እያደረገው ነበር የሚነሳው። «ደከመህ እንዴ?» ሲሉት «ኧረ ደህና ነኝ» ይላል። የሥራ ባልደረቦቹ «ምሰሶ» ብለው ነው የሚጠሩት። በድርጅቱ አሥራ አንድ ዓመት ሲሠራ አንድም ጉዞ አስተጓጉሎ አያውቅም። ሌላው ሲታመም የሚጠራው እሱ ነው፤ ሌላው ሲሞሸርም የሚጠራው እሱ ነው። ስሙን ይወደዋል። ምሰሶ ይደክመው ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ደግሞ የለም።

ዛሬ ሊነጋጋ ሲል ግን አንድ ነገር ሆኗል። ለማንም አልተነፈሰውም።

ረጅሙን ቁልቁለት ጨርሶ ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ሲገባ ዓይኑ ተከደነ። ለስንት ጊዜ እንደሆነ አያውቅም። ያነቃው የቀኝ ጎማዎቹ ጠጠር ላይ ሲወጡ ያሰሙት ድምፅ ነው። ከጠጠሩ ቀጥሎ ገደል ነበር። መሪውን ቀስ አድርጎ መለሰ፣ ዳር ይዞ አቆመ፣ ወረደና ጎማውን የሚያይ መስሎ በእግሩ መታ መታ አደረገው። አርባ አምስት ሰው ከኋላው ተኝቷል። የነቁት ከፊተኛው ወንበር ላይ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ብቻ ናቸው። ሲመለስ «ስታቆም እንኳ እንዴት ረጋ ብለህ ነው። እጅህ ይባረክ ልጄ» አሉት። ያን ምርቃት ሲሰማ ያፈረውን ያህል በሕይወቱ አፍሮ አያውቅም።

ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በዚያው መንገድ ይመለሳል። ከዚያ በፊት ስምንት ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ ወረቀቱም የሚለው ያንኑ ነው። ድርጅቱ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቅጽ አውጥቷል፤ እያንዳንዱ ሾፌር ከመውጣቱ በፊት «ባለፉት ሃያ አራት ሰዓታት ስንት ሰዓት ተኙ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ጽፎ ይፈርማል። ቅጹ በወጣ በመጀመሪያው ቀን አንዱ «8» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ ያለው እሱን አይቶ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ቁጥር ተጽፎበት አያውቅም። ሚስቱ ስትወልድ ሆስፒታል ቆሞ ያደረ ሌላ ሾፌር እንኳ «8» ብሎ ፈርሞ፣ ደስታውን ለሁሉም እያወራ ነው የወጣው። አሁን አሁንማ የስምሪት ኃላፊዋ ሰልፉ እንዳይረዝም ብላ ስምንቷን አስቀድማ ትሞላላቸዋለች። ሾፌሮቹ መፈረም ብቻ ነው።

በሩ ማዶ ቤቱ በሙሉ ለእሱ እንቅልፍ ዘብ ቆሟል። እናቱና የሰባት ዓመት ልጁ ሚጡ በጣታቸው ጫፍ ነው የሚሄዱት። ማንኪያ አይወድቅም፣ ውሃ አይቀዳም። እናቱ ማሳል ሲያምራት ወደ ደረጃው ወጥታ አስላ ትመለሳለች። በር ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ ሲዘጋ ሾፌሩ ጥርሱን ነክሶ እስኪገጥም ይጠብቃል። አንዴ ወርውረው ቢዘጉት ይሻለው ነበር።

ከዚያ የውጭው በር ተንኳኳ።

«ይቅርታ እትዬ፣ ሰው ማስቸገር አልወድም» የሚል ወፍራም ድምፅ ተሰማ። ጎረቤቱ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዲሬክተር።

«ቀስ ይበሉ እባክዎ፣ ልጄ ተኝቷል» አለች እናቱ በሹክሹክታ።

«ገብቶኛል። ግን ያ ቱቦ የሚተፋው ወላፈን በረንዳው ላይ ልክ በኔ በኩል ነው የሚያርፈው። አበቦቼ ጠወለጉ። ጋዜጣ ላነብ ብወጣ መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ጋለ።»

«ውይ፣ በሞትኩት። አሁኑኑ አንድ ነገር እናደርጋለን።»

«እኔ ተማሪ ሳልቀጣ ነው ጡረታ የወጣሁት፤ አሁን በርጅናዬ ከጎረቤት ጋር ልጣላ?»

«ኧረ ምን በወጣዎ። ይሂዱ፣ እኔ አለሁ።»

የሁለቱ ሹክሹክታ ለሾፌሩ ጥሩ ሆነለት። የማሽኑን መነሳትና መጥፋት ረስቶ የእነሱን ድምፅ ሲያዳምጥ፣ ሳያውቀው እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰደው።

የነቃው ታፍኖ ነው። ላቡ ከጀርባው ሥር አንሶላውን አርሶታል። ማሽኑ በሌላ ድምፅ ያቃስታል፤ ግንባሩ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ክፍሉ ነዷል። ሾፌሩ ተነስቶ ቱቦውን ቢነካው እጁን ሊልጠው ደረሰ። ከካርቶኑ ጠርዝ ፕላስተሩን ላጥ አድርጎ ወደ በረንዳው አሾልኮ አየ። የቱቦው አፍ በገዛ የገላ ፎጣው ተወትፏል፤ እንዳይወልቅም በሲባጎ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ በጥሩ ቋጠሮ ታስሯል። ቋጠሮውን ያውቀዋል። ትምህርት ቤት በነበረ ጊዜ የምሳ ዕቃውን የምታስርለት እናቱ እንዲሁ ነበር የምትቋጥረው።

በሩን በርግዶ ወጣ። ሊጮህ ነበር።

ሳሎኑ ከመኝታ ቤቱ ይብሳል። እናቱና ሚጡ የውጭውን በር ከፍተው፣ ደፉ ላይ ፍራሽ አንጥፈው፣ ከደረጃው የሚመጣ ነፋስ ካለ ብለው ተቀምጠዋል። የእናቱ ነጠላ ከአንገቷ ላይ ተጣብቋል። ሚጡ በካርቶን ክዳን አያቷን ታራግባለች። የፍሪጁ በር ተበርግዷል፤ ወተቱና ውሃው ባልዲ ውስጥ ቆሟል።

«ነቃህ እንዴ፣ የኔ ልጅ?» አለች እናቱ ተደናግጣ። «ምን ቀሰቀሰህ? እኛ ትንፍሽ አላልንም።»

«እማዬ፣ ቱቦው ላይ ፎጣ ማን አሰረ?»

«እኔ ነኛ። ሰውዬው ተቃጠልኩ ቢሉኝ ምን ላድርግ? ደግሞ ያን ሁሉ አየር ሜዳ ላይ ከሚበትነው እዚያው ላንተ ቢቀር ይሻላል ብዬ ነው።»

ሾፌሩ ጥግ ወደቆመው ማራገቢያ ዞረ። «ማራገቢያውስ? ለምን አላበራችሁትም?»

«እሱ ከበራ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ማሽንህ ይጠፋል። ሚስትህ ናት የነገረችን። ፍሪጁም እንደዚያው ነው።»

«ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ናችሁ?»

«ታዲያ ምን አለበት? እኛ ምን ሥራ አለን? የሚነዳ አንተ ነህ።» እናቱ ፊቱን ትኩር ብላ አየችው። «ተኝተሃል ግን?»

ሚጡ ማራገቡን አቁማ እሱን ታያለች። ሾፌሩ ባልዲውን አየ፣ የእናቱን ነጠላ አየ።

«ደህና አድርጌ ነው የተኛሁት» አላት።

እናቱ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ አመሰገነች። ሾፌሩ ወደ በረንዳው ወጥቶ ሲባጎውን ፈትቶ ፎጣውን አወጣ። ጋሽ ዲሬክተር ወሬውን ሰምተው ወጡና፣ ቱቦው መታፈን እንደሌለበት ሲነገራቸው፣ አበቦቻቸውን አንድ በአንድ ወደ በረንዳው ሌላ ጫፍ አጓጓዙ። «ቀድሞ ቢነገረኝ ያኔ አደርገው ነበር» አሉ፤ በርግጥም ያደርጉት ነበር። ነገሩ በሁለት ደቂቃ አለቀ። ያለቀው ግን እንቅልፉ ካለቀ በኋላ ነው።

በምሳ ሰዓት ሚስቱ ደወለች።

«ተኛህ?»

«ጭልጥ ብዬ።»

«እውነትህን ነው? ማሽኑ ሠራ?»

«በጣም ነው የሠራው።»

«እሰይ! እኔ ደግሞ ጠዋት ፊትህን አይቼ ስሰጋ ነው የዋልኩት። አንድ መድኃኒት ሁለቴ ቆጥሬ ሁለቴ ተሳሳትኩ።» በእፎይታ ስትተነፍስ በስልኩ ውስጥ ተሰማው። «በል ድገመው፤ ገና ጊዜ አለህ።»

ሊደግመው ሄደ። አሁን ሁሉ ነገር ተሟልቷል። ቱቦው ክፍት ነው፣ ክፍሉ ቀዝቅዟል፣ በረንዳው ጸጥ ብሏል። ዓይኑን ሲጨፍን ግን የጠጠሩ ድምፅ ይመጣል፤ ሲገልጥ ደግሞ ባልዲው ይመጣበታል። ያን ሁሉ ሙቀት የጠጡት ለእሱ ነው፤ እሱ ግን እዚህ እንደ ጨዋታ ይገላበጣል። ተኛ፣ አንተ ሰው፣ ተኛ እያለ ራሱን ሲቆጣ ይበልጥ ነቃ። በዘጠኝ ሰዓት ግድም በሩ በዝግታ ተከፈተና እናቱ ብርድ ልብስ ይዛ ገባች። ቅዝቃዜው ጎኑን እንዳይመታው ፈርታለታለች። ደስ እንዲላት ብሎ የተኛ መሰለ። አልብሳው፣ እግሩን ጠቅልላለት፣ በጣቶቿ ጫፍ ወጣች። የአርባ አራት ዓመት ሰው ከብርድ ልብሱ ሥር ዓይኑን ጨፍኖ ማልቀስ ቃጣው።

ትንሽ ቆይቶ በሩ እንደገና ተከፈተ። ይሄኛው እርምጃ የሚጡ ነው። ማሽኑ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷን ወደ ቅዝቃዜው ሰጠች።

«አባዬ፣ ነቅተሃል አይደል?»

«ተኝቻለሁ።»

«የተኛ ሰው አያወራም።»

«አንዳንዱ ያወራል።»

«አንተ ግን ስትተኛ ታንኮራፋለህ» አለች። «እኔ ዛሬ በር ላይ ሆኜ ስሰማ ነበር። ያንኮራፋኸው አንዴ ብቻ ነው። ስትጀምር የግድግዳው ሰዓት ረጅሙ ቆጣሪ ሁለት ላይ ነበር፤ አሥር ላይ ሲደርስ ተውክ። ስንት ነው እሱ? ሰዓት ገና እየተማርን ነው።»

ሾፌሩ ቆጠረ። «አርባ ደቂቃ።»

«ትንሽ ነው ብዙ?»

«ለአያትሽ እንዳትነግሪያት፣ እሺ?»

«እሺ።» ጉልበቷን አቅፋ ትንሽ አሰበች። «ማታ ግን ማነው የሚነዳው?»

«እኔ ነኛ።»

«እዚያ ብታንኮራፋስ ማን ይቀሰቅስሃል?»

ሚጡ ለመልስ ብላ አልጠየቀችም፤ ማሽኑ ላይ ያሉትን ቁልፎች እያየች ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረች። ሾፌሩ ግን ከዚያ በኋላ ለመተኛት መሞከሩንም ተወው።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ተጣጥቦ፣ ሸሚዙን ለብሶ ወጣ። እናቱ በር ድረስ ሸኘችው፤ ቀና ብላ ጉንጩን ዳሰሰችና «ፊትህ ራሱ ተመልሷል» አለችው። ሰው የሚፈልገውን ነው የሚያየው። ደረጃውን ሲወርድ የማራገቢያው ድምፅ ከኋላው ተነሳ፤ እስኪወጣ ነበር የጠበቁት።

መናኸሪያው ገና እንደጋለ ነው። አስፋልቱ ከጫማ ሥር ይለሰልሳል። አውቶቡሱ ቦታው ላይ ቆሞ ተሳፋሪ መግባት ጀምሯል። ሾፌሩ እንደ ወትሮው በዙሪያው ዞረ፣ ጎማዎቹን አየ፣ የቀኙን የኋላ ጎማ ሲያይ ቆም አለ። ጥርሱ መካከል አንዲት ጠጠር ተሰክታለች። በጣቱ ፈልቅቆ አወጣትና በእጁ ያዛት።

«አንተ ነህ እንዴ ዛሬም?» አለ ከላይ አንድ ድምፅ።

ቀና አለ። የጠዋቷ አሮጊት ናቸው። ከፊተኛው ወንበር በመስኮቱ ብቅ ብለዋል፤ አንደኛው ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል።

«ሐኪሙ ጨረሰልኝ፤ አንድ ቀን ነው የፈጀው» አሉት። «ቲኬት ስቆርጥ ያ ረጋ ያለው ልጅ የሚነዳው የቱ ነው ብዬ ጠይቄ ነው የገዛሁት። ትናንት ስሰጋ ነው ያደርኩት፤ ሌሊት መሄድ አልወድም። ዛሬ ግን ገና ሳንወጣ ነው የምተኛው።»

«ይተኙ እማማ» አለ። ጠጠሯን እንደያዘ ወደ ስምሪት ክፍሉ ሄደ።

የስምሪት ክፍሉ ጠባብ ናት። የስምሪት ኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ማራገቢያ ይዞራል፤ ወረቀቶቹ እንዳይበሩ በየላያቸው የየአውቶቡሱን ቁልፍ አስቀምጣለች። ተጠባባቂው ሾፌር ጥግ ላይ ስልኩን እያየ ይስቃል፤ ሥራው መጠበቅ ነው፤ ምሰሶ ባለበት ደግሞ ተጠባባቂ ሥራ የለውም። ኃላፊዋ ቀና ሳትል ቅጹን ገፋ አደረገችለት።

«ምሰሶ፣ ፈርምና ውጣልኝ። ሰው ሞልቷል።»

ቁልፉን አነሳና ቅጹን አየ። ስሙ አለ፤ የሰሌዳው ቁጥር አለ። ከ«ስንት ሰዓት ተኙ?» ፊት ለፊት በእሷ ጽሑፍ ስምንት አለ፤ ሁለት የተደራረቡ ክቦች፣ በጥድፊያ የተሠሩ። ከሥሩ ለፊርማ የሚሆን መስመር አለ። ዛሬ ሁለት ጊዜ ዋሽቷል፤ አንዱን ለእናቱ፣ አንዱን ለሚስቱ፤ ሁለቱም እንዲደሰቱ ብሎ ነው፤ ደግሞም ተደስተዋል። ሦስተኛው ከሁሉ ይቀላል፤ መናገር እንኳ አያስፈልገውም።

እስክሪብቶውን አንስቶ ስምንቷ ላይ አንድ መስመር አሰመረ። ከጎኗ «አርባ ደቂቃ» ብሎ በፊደል ጻፈ። ከዚያ ፈረመ።

ኃላፊዋ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች፤ አነበበች፤ መነጽሯን አወለቀች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የተኛሁት ነው።»

«ምን ነካህ? ይሄ ወረቀት እኮ አለቃው ዘንድ ነው የሚሄደው። በዚህ አላስወጣህም።»

«አታስወጪኝ።»

«ሰው ተሳፍሯል፤ ሰዓቱ ደርሷል። ሲደርስ እምቢ ያለ ከሌሊት መስመር ወርዶ ከተማ ውስጥ እንዲነዳ እንደሚደረግ ታውቃለህ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ያላስቸገርከኝ ሰውዬ፣ ዛሬ ምን ሆንክ?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አዲስ ቅጽ ልስጥህ። ይሄን አላየሁትም።»

«ዛሬ ሊነጋጋ ሲል መሪ ይዤ ተኝቻለሁ» አላት። «ጠጠሩ ላይ ወጥቼ ነው የነቃሁት። ይኸው።» ጠጠሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ከጥግ የሚመጣው ሳቅ ቆመ። ኃላፊዋ ጠጠሯን አየች፤ ከዚያ ከፊቷ የተከመሩትን ሌሎቹን ቅጾች አየች፤ ሁሉም ላይ የእሷ ስምንት አለ። አዲሱን ቅጽ መልሳ መሳቢያው ውስጥ ከተተችው።

ሾፌሩ ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ ቤት ደወለ።

«እማዬ፣ ፍሪጁንም ሰኩት። ማራገቢያውንም እንዳታጠፉት። እየመጣሁ ነው።»

«ምነው ልጄ? ጉዞው ቀረ?»

«አልተኛሁም ነበር፣ እማዬ። ዋሽቼሻለሁ።»

«ፎጣው ነው አይደል?» አለች እናቱ፤ ድምፅዋ አንሷል።

«ፎጣው አይደለም። ከፎጣው በፊትም አልተኛሁም። በቅጡ ከተኛሁ ሰንብቻለሁ።»

«እና ለምን አትነግረንም?»

«እንጃ» አለ። እውነቱን ነው።

ሲመለስ ተጠባባቂው ተነስቶ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ እየከተተ ነበር። ኃላፊዋ አዲስ ቅጽ ዘርግታለታለች፤ ስሙና ሰሌዳው ተሞልቷል፤ የእንቅልፉ ቦታ ባዶ ነው። ተጠባባቂው ለቁልፉ እጁን ዘረጋ።

ምሰሶ ቁልፉን አልሰጠውም። «ስንት ሰዓት ተኛህ?» አለው።

ተጠባባቂው ሳቀ። «ስምንት ነዋ፤ ምን ሆነሃል?»

ምሰሶ አልሳቀም። ቁልፉን እጁ ውስጥ እንደያዘ ጠበቀ። አውቶቡሱ ውስጥ አንድ ሕፃን ያለቅሳል፤ የሻንጣው ሳጥን ሲዘጋ ይሰማል። የተጠባባቂው ሳቅ ቀስ በቀስ ከፊቱ ወረደ።

«ስድስት» አለ ዝቅ አድርጎ። «ስድስት ሳይሞላ አይቀርም። ልጆቹ እስኪቀሰቅሱኝ ድረስ ተኝቼ ነበር።»

«እሱን ጻፈው» አለ ምሰሶ፤ ሲጽፈውም ቆሞ አየ። ከዚያ ቁልፉን በእጁ ላይ አስቀመጠለት።